ነፋሱን ያቆመው ሰው

ጋሼ እንድሪስ መሞታቸውን የሰማሁት ከአንድ የካሚዮን ሾፌር አፍ ነው። የገበያ ቀን ነበር። ሾፌሩ ከአዋሽ በኩል ጨው ጭኖ መጥቶ፣ ማራገፊያው አጠገብ ጥላ ሥር ተቀምጦ ውሃ ይጠጣል። እኔም እንደ ልማዴ ጠጋ ብዬ፣ አዋሽ ባቡር ጣቢያ ላይ እንድሪስ የሚባሉ መካኒክ እንዳሉ፣ ደህና መሆናቸውን ጠየቅሁት። ጣሳውን ከአፉ ሳያነሳ በእጁ ወደ መሬት አመለከተኝ። ጠጥቶ ሲጨርስ፣ ከረመዳን በፊት መቀበራቸውን፣ ዘመድ ስላልነበራቸው አስከሬናቸውን ያነሱት የባቡር ጣቢያው ሠራተኞች መሆናቸውን ነገረኝ።

አጠገባችን ጨው የሚገዙ ሴቶች ነበሩ። አንዷ የትኛው እንድሪስ እንደሆነ ጠየቀች። ሌላዋ፣ "ያ የጣልያኑ መዘውር ጠጋኝ፣ ባንዳው" አለቻት። ጠያቂዋ "አሃ" ብላ ጨው ማሰፈሯን ቀጠለች።

እኔ ቤቴ ገብቼ ምንጣፍ አነጠፍኩ፤ መርዶ እንደተረዳ ሰው ተቀመጥኩ። ማታ አንዲት ጎረቤቴ ልቅሶ መቀመጤን ሰምታ ሮጣ መጣች። ማን እንደሞተብኝ ስነግራት አጎንብሳ የምንጣፉን ዳር በጣቷ ትነካካ ጀመር። ዘመዴ ናቸው ወይ ብላ ጠየቀችኝ። አይደሉም አልኳት። እሳት ላይ የጣደችው ነገር እንዳለ ነግራኝ ወጣች። ከዚያ ወዲያ የመጣ ሰው አልነበረም።

ጋሼ እንድሪስን ያወቅኋቸው በሸሚዛቸው ነው። ባሌ በወባ ሞቶብኝ ባዶ ቤት የቀረሁበት ዓመት ነበር። ጣልያን ከሮቢ ወንዝ ዳር ያለውን ለም መሬት አጥሮ ጥጥ ይዘራበት ነበር። አጥሩ ውስጥ የወታደር ካምፕ፣ የጥጥ መዳመጫ፣ የመብራት ሞተር ቤት፣ መጋዘንና የሕመምተኞች ቤት ነበረ። እኔም ልብስ አጣቢ ሆኜ ገባሁ። አንድ ቀን አንድ ረጅም ቀጭን ሰው ነጭ ሸሚዝ በጣታቸው ጫፍ አንጠልጥለው መጡና፣ ይኼ ታጥቧል ይባላል ወይ አሉኝ። ኮሌታው ላይ የምስር ፍሬ የምታህል የዘይት ነጥብ ነበረች። የሞተር ዘይት በሳሙና እንደማይለቅ ነገርኳቸው። በአመድ እንደሚለቅ ነገሩኝና፣ እኔ ዘይቱን አውቀዋለሁ፣ አንቺ ደግሞ ሥራሽን እወቂ ብለው ሄዱ። ቀኑን ሙሉ ስረግማቸው ዋልኩ። በኋላ በአመድ ሳሸው ለቀቀ። መልቀቁ የባሰ አናደደኝ።

እንዲህ ያሉ ሰው ነበሩ። ከግራ እጃቸው ሁለት ጣት ጎድሏል፤ የባቡር ጥገና ቤት ሲሠሩ ብረት ነው የበላቸው። እጃቸውን ግን አይደብቁም ነበር፤ እንዲያውም በቀሩት ጣቶች ሰው ላይ ይቀስሩበታል። ሶላታቸውን በሰዓቱ ይሰግዳሉ፤ ሲሰግዱ የሞተሩ ድምፅ ከተለወጠ ግን ትከሻቸው ሲነቃነቅ ይታያል። ከእሳቸው በቀር በይፋት ምድር ብረት የሚያውቅ ሰው የለም ብለው ያምናሉ፤ ይህንንም ለመናገር አያፍሩም። አቧራ ለብሶ ሞተር ቤት የገባ ሰው፣ አለቃም ይሁን ዘበኛ፣ ሳይሰደብ አይወጣም። እውነቱን ልናገርና፣ ምንም ሳያደርጉ በፊትም ሰው አይወዳቸውም ነበር። አፋቸው ጣፋጭ ቢሆን ኖሮ ምናልባት በክፉ ቀናቸው የሚሰማቸው ያገኙ ነበር እያልኩ አስባለሁ።

ትውልዳቸው ከእኛ ከተማ ከሮቢት በላይ ተረተሩ ላይ ካለ የአርጎባ መንደር ነው። አባታቸው ሸማኔ ነበሩ። በጎረምሳነታቸው የግመል ነጋዴ ተከትለው ድሬዳዋ ወርደው ከባቡር ጋር ሲሠሩ ኖረዋል። እናታቸውን ሊቀብሩ የመጡ ጊዜ ጣልያን አገሩን ያዘና መንገድ ተዘጋባቸው። ካምፕ ውስጥ የምንሠራ ሁላችንም ሲጠይቁን ተገደን ነው እንል ነበር። አንድ ቀን እሳቸውንም ጣልያን አስገድዶዎት ነው ወይ አልኳቸው።

"ማንም አላስገደደኝም" አሉኝ። "ከአጥሩ ውጭ ቆሜ ሞተሩ ሲያስል ሰማሁት። ገብቼ ይኼ ነገር ታሟል አልኳቸው።"

የካምፑ መብራት፣ የጥጥ መዳመጫውና ከደብረ ሲና ጋር የሚነጋገሩበት ሬዲዮ ሁሉ የሚሠሩት በዚያ ሞተር ነው። ሞተሩ የሚጠጣው ናፍጣ ደግሞ የሚመጣው ከላይ፣ ጣርማ በርን ተሻግሮ፣ በደብረ ሲና ቁልቁለት ነው። አርበኞች ያንን ጠመዝማዛ መንገድ እንደ ጓዳቸው ያውቁታል። ካሚዮን ሲያቃጥሉ ጭሱ እኛ ዘንድ ይታያል፤ በዚያ ሰሞን ካምፑ ይጨልማል። ይህ ሲደጋገም ነው ጣልያናዊው የካምፑ መሐንዲስ ከካምፑ ጀርባ ባለው ጉብታ ላይ የብረት ማማ አስተክሎ፣ አናቱ ላይ የነፋስ መዘውር የሰቀለው። ቆላችንን የኖረበት ነፋሱን ያውቀዋል። ከቀትር በኋላ ከአዋሽ በኩል ተነስቶ አቧራውን እየነዳ ወደ ደጋው ይወጣል፤ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ይደክመዋል።

መዘውሩን መስቀል ቀላል ነበር። ጭንቁ የመዘውሩንና የሞተሩን ኃይል በአንድ ሽቦ ላይ ማስማማቱ ነው። መጀመሪያ ያገናኟቸው ቀን ነፋሱ ድንገት ጉልበት ሲያገኝ የካምፑ አምፖል በሙሉ ፈነዳ፤ የሞተሩ ቀበቶም ተበጥሶ የቤቱን ቆርቆሮ ቀደደው። ከዚያ በኋላ ጋሼ እንድሪስና መሐንዲሱ ሞተር ቤት ገብተው ሰነበቱ። መሐንዲሱ ቀይ ጢም ያለው፣ ቀስ ብሎ የሚናገር፣ ሥራውን ጠንቅቆ የሚያውቅ ወጣት ነበር። ማንንም የማያከብሩት ጋሼ እንድሪስ እሱን ያከብሩት ነበር። አፈር ላይ ተቀምጠው በእንጨት መስመር እየሠሩ ሲከራከሩ፣ አንዱ የሠራውን ሌላው ሲያጠፋ ይውላሉ። መሐንዲሱ ውሃ አንስቶ እጃቸውን ሲያስታጥባቸው በዓይኔ አይቻለሁ። ስለ እሱ ሲናገሩ፣ ጠላት ነው፣ ግን ይገባዋል ይሉ ነበር። በእሳቸው አፍ ከዚያ የበለጠ ምስጋና አልሰማሁም።

ልብስ ሳሰጣ ነገሩ ምን ያህል ቢከብድ ነው እንዲህ የደከማችሁ ብዬ ጠየቅኋቸው።

"በሬ ሲጠመድ አይተሻል?" አሉኝ። "ሞተሩ የበሰለ በሬ ነው፤ በልኩ ይሄዳል። ነፋሱ ወይፈን ነው፤ ሲለው ይሮጣል፣ ሲለው ይተኛል። ሁለቱን ባንድ ቀንበር ስትጠምጂ ወይፈኑን ብትገርፊው ዋጋ የለውም። እሱ ሲሮጥ ሽማግሌውን ማሳረፍ፣ እሱ ሲተኛ ሽማግሌውን መቀስቀስ ነው።"

በመጨረሻ ተሳካላቸው። ከቀትር በኋላ ሞተሩ ያርፋል፤ መዘውሩ ካምፑን ይሸከማል። ነፋሱ ሲደክም ሞተሩ ቀስ ብሎ ይነሳና ሥራውን ይረከበዋል። መብራቱ ሳይርገበገብ የተረካከቡበት የመጀመሪያው ቀን ጋሼ እንድሪስ ከሞተር ቤት ወጥተው አምፖሉ ሥር ቆሙ። አንጋጠው አዩት፤ ከዚያ ወደ እኔ ዞረው "አየሽ?" አሉኝ። አየሁ አልኳቸው። ደስ ብሏቸው ያየኋቸው ያን ጊዜ ብቻ ነው።

የተረፈው ኃይል ከወንዙ ውሃ ይስብ ጀመር። ጋሼ እንድሪስ መሐንዲሱን ነዝንዘው፣ አንድ ቧንቧ ከአጥሩ ውጭ እንዲወጣ አደረጉ። አልቅት ከሞላበት ኩሬ ይቀዱ የነበሩ የከተማው ሴቶች እዚያ ይሰለፉ ጀመር። አንዳንዶቹ ቀድተው ሲሄዱ የባንዳ ውሃ ነው ይሉ ነበር፤ ግን ይቀዱታል።

ከዚያ እስረኞቹ መጡ። ጣልያን በተረተሩ ላይ ያሉ መንደሮችን አሰሰና ለአርበኛ እህል ታቀብላላችሁ ያላቸውን ወንዶች ለቅሞ የጥጥ መጋዘኑ ውስጥ ዘጋባቸው። እስላሙም ክርስቲያኑም አንድ ላይ ነው የታሰረው፤ እያጠብኩ በየተራ ሲጸልዩ እሰማቸው ነበር። ወደ ደብረ ሲና ወጥተው ሊሰቀሉ ነው ተባለ። ከመካከላቸው አንዱ ኑሩ የሚባል የከብት ነጋዴ ነበር። ድምፁ ትልቅ፣ እጁ ለጋስ፣ ገበያው ሁሉ የሚወደው ሰው ነው። ይኸው ኑሩ ከመታሰሩ በፊት ጋሼ እንድሪስን ገበያ መሀል ባንዳ ብሎ እግራቸው ሥር ተፍቶባቸው ያውቃል።

በዚያ ሰሞን ተሰማ የሚባል ሰው ልብስ የማጥብበት ወንዝ ዳር መጣ። አህያ እየነዳ ጨው ነጋዴ መስሏል። እኔ ግን ከልጅነቴ አውቀዋለሁ፤ የአባቴ ጎረቤት ነበር፤ ጫካ ከገባ ቆይቷል። አህያዋን ውሃ እያጠጣ፣ ቀና ሳይል ነገረኝ። ቅዳሜ አብዛኛው ወታደር ናፍጣ ለማጀብ ወደ ላይ ይወጣል። የሚቀሩት ዘበኞች ጥቂት ናቸው፤ አርበኞቹ መጋዘኑን ሰብረው እስረኞቹን ማውጣት ይችላሉ። የሚያስፈራቸው ሬዲዮው ነው። በሬዲዮ ከተጣሩ፣ በሩ ሳይሰበር ወታደሩ ከመንገድ ተመልሶ ይደርስባቸዋል። መካኒኩ በዚያች ሰዓት ኃይሉን ያጠፋ እንደሆነ ጠይቂልኝ አለኝ። እሳቸው እንቢ ብለው ምስጢሩን ቢያወጡብንስ አልኩት።

"ካወጡብን አንቺም እኔም እንሰቀላለን" አለኝ። "ሰውዬውን የምታውቂው አንቺ ነሽ። ያደርገዋል ካልሽ ንገሪው፤ አያደርገውም ካልሽ ዝም በይ።"

በማግስቱ የታጠበ ሸሚዛቸውን ይዤ ሞተር ቤት ሄድኩና ነገርኳቸው። ሸሚዙን ተቀብለው ኮሌታውን ለረጅም ጊዜ አዩት። እነማን እንደታሰሩ ጠየቁኝ። የማውቃቸውን ስም ጠራሁ። ኑሩ ዘንድ ስደርስ ቀና አሉ።

"እሱም አለበት?"

"አለበት።"

"እሱ ቢሰቀል ገበያው ትንሽ ዝም ይል ነበር" አሉ። ወደ በሩ ዞርኩ። እሳቸው ግን ሸሚዙን አጣጥፈው ሣጥኑ ላይ አኖሩና ቀጠሉ። "ሞተሩን አልሰብርም። ብሰብረው እጄ ይታወቃል፤ ደግሞም ነገ ሰው ይፈልገዋል። ነፋሱ ያድርገው።"

ነፋስ ይታዘዛል ወይ አልኳቸው።

"ነፋስን ማን ይጠረጥረዋል?" አሉኝ። "ለምን ቆምክ ብሎ ነፋስ የገረፈ የለም።"

ቅዳሜ ደረሰ። ጋሼ እንድሪስ ጠዋት ሞተሩን ፈታትተው ዕቃውን ጋዝ ውስጥ ዘፍዝፈውታል። ከቀትር በኋላ መዘውሩ ስለሚሠራ ማንም ለምን አላለም። የሬዲዮውንም ባትሪ ደክሟል ብለው ቀድመው ወደ ሞተር ቤት አስመጥተውታል። እኔ የሕመምተኞቹን አንሶላ ሁሉ ገመድ ላይ አስጥቼ ጨርሻለሁ። ነፋሱ እንደ ልማዱ ተነስቶ አቧራውን ይዞ መጣ። ጥጥ መዳመጫው ይጮሃል። ድንገት ድምፁ ወረደ፤ ዝም አለ። ቀና ስል መዘውሩ ፊቱን ከነፋሱ አዙሮ ቆሟል። ከማማው ሥር ፊቱን የሚያዞር ገመድ አለ፤ ጋሼ እንድሪስ እሱን ስበው አስረውታል። ወዲያው በሩ በኩል ተኩስ ተጀመረ።

ከሬዲዮ ቤት አንድ ሰው ይጣራል። መሐንዲሱ ባዶ ራሱን ሮጦ ወጣና ሞተር ቤት ገባ። የተፈታታውን ሞተር አይቶ ተመልሶ ወጣ። ጋሼ እንድሪስ ከማማው ሥር ወጥተው ደጃፉ ላይ ቆመዋል። መሐንዲሱ የቆመውን መዘውር አንጋጦ አየው። ከዚያ ዞረና እኔ ያሰጣሁትን አየ። አንሶላዎቹ በነፋሱ ኃይል እንደ ሳንቃ ቀጥ ብለው ተዘርግተዋል።

ምን እንደነካኝ አላውቅም፤ አንሶላዎቹን ከገመዱ ላይ እየቦጨቅሁ ማውረድ ጀመርኩ። እነሱን ካወረድኩ ነፋሱ የሚቆም መስሎኝ ነው መሰል፣ አንዱን ጥዬ ሌላውን እስባለሁ። መሐንዲሱ ቆሞ አየኝ። ከዚያ ጋሼ እንድሪስን አያቸው። እጁ ወደ ወገቡ፣ ወደ ሽጉጡ ሄደና እዚያው ቀረ። በመጨረሻ መሐንዲሱ ሞተር ቤቱ ደፍ ላይ ተቀመጠና እጆቹን በጉልበቶቹ መካከል ከተተ። ተኩሱ እስኪያበቃ ከዚያ አልተነሳም።

መጋዘኑ ተሰበረ። እስረኞቹ ወጥተው ማሽላው ውስጥ ገቡና ወደ ተራራው አመለጡ። ተሰማ በሩ ላይ ተመትቶ ወደቀ። ነገሩን ከሚያውቁት የእኛ ሰዎች መካከል እኔና ጋሼ እንድሪስ ቀረን።

ወታደሮቹ ሲመለሱ ምርመራ ሆነ። መሐንዲሱ ነፋሱ ቆመ አላቸው። ሞተሩ እንዲፈታታ ያዘዝኩት እኔ ነኝ፣ ጥፋቱ የኔ ነው አለ። ጠርጣሪ ነበረ፤ ግን ራሱን ጥፋተኛ ያደረገ ሰው ምን ይጠየቃል? በጥቂት ጊዜ ውስጥ ወደ ደጋ ወሰዱት፤ ዳግም አላየነውም።

በቀሉን የተወጡት ተረተሩ ላይ ባሉ መንደሮች ነው። እሳት ለቀቁባቸው። ከነደዱት አንዱ የጋሼ እንድሪስ የትውልድ መንደር ነበር። አዲስ የመጣው ሹም ደግሞ መዘውሩ ዛሬውኑ ይሥራ ብሎ አዘዘ። ጋሼ እንድሪስ ዘይታቸውን ይዘው ማማው ላይ ወጡ። ከተማው በሙሉ አያቸው። ከጀርባቸው የአባታቸው መንደር እየጨሰ እሳቸው የጣልያንን መዘውር ዘይት ይቀባሉ። እንቢ ቢሉ ቅዳሜ የሆነው ሁሉ ሊወጣ፣ እኔም አብሬ ልሰቀል እንደምችል ከእኔ በቀር የሚያውቅ አልነበረም። ሰው ያየውን አወራ። የአባቱ ቤት ሲነድ የጣልያንን መብራት ያበራል ተባለ። የገዛ ዘመዶቻቸው ሰላምታ ነሷቸው።

አንድ ቀን ይህን መስማት ሰለቸኝና ልናገር ነው አልኳቸው። ተቆጡኝ። ከተናገርሽ ሁለታችንም ገመድ ላይ ነን፣ ጊዜው ሲደርስ እውነቱ በራሱ ይወጣል አሉኝ። ብረትን ያን ያህል ያወቁ ሰው ስለ ሰው ያን ያህል የዋህ መሆናቸው እስከ ዛሬ ይደንቀኛል።

ጊዜው ደረሰ። ጣልያን ተሸንፎ ካምፑን ጥሎ ሄደ። ሰው ገብቶ ቆርቆሮውንም አልጋውንም ሲያግዝ ጋሼ እንድሪስ ዱላ ይዘው ሞተር ቤቱ በር ላይ ተቀመጡ። አዲሱ ገዢ ከደጋ ወርዶ ሕዝቡን ሾላው ሥር ሲሰበስብ፣ እሳቸውም መጡና ልናገር ብለው ተነሡ።

ከተማው መጨለም የለበትም አሉ። ሞተሩ አርጅቷል፣ ናፍጣም እንደ ልብ አይገኝም፤ መዘውሩ ግን ቀለብ የለውም፤ ሁለቱም ተገናኝተው ያሉ ናቸው፤ ለመስጊዱም ለቤተ ክርስቲያኑም መብራት፣ ለሕዝቡ ወፍጮና ውሃ ይሆናሉ አሉ። እዚያ ላይ ቢያቆሙ ይሻል ነበር። እሳቸው ግን ሰው የሰማቸው መሰላቸውና እጃቸውን ወደ ተራራው ዘርግተው ቀጠሉ። "ከዚህ እስከ ጣርማ በር መዘውር ብንተክልና ባንድ ሽቦ ብናያይዘው፣ እዚህ ነፋሱ ሲተኛ እዚያ ይነቃል፤ አንዱ ሲደክም ሌላው ይሸከመዋል። አገሩ በሙሉ ባንድ ሽቦ ቢያያዝ ጨለማ የት ይገባል?"

ሰዉ ሳቀ። ነፋስ በሽቦ ሊያስር ነው ያለም ነበር።

ኑሩ ተነሣ። ካመለጠ በኋላ ከአርበኞች ጋር ቆይቶ ጠመንጃ ይዞ የተመለሰ፣ የተከበረ ሰው ሆኗል። ይህ ሰው ትናንት በጣልያን መብራት ሲጠብቀን ነበር፣ ዛሬ ደግሞ በዚያው መብራት ሊገዛን ይፈልጋል አለ። ገዢው ወደ ጋሼ እንድሪስ ዞሮ ጣልያን አስገድዶህ ነው ወይ የሠራኸው አላቸው። መውጫ ሊሰጣቸው ነበር፤ ከፊቱ ያስታውቃል። እሳቸው ግን ማንም አላስገደደኝም አሉ። ሕዝቡ አጉረመረመ።

ያን ጊዜ ተነሣሁ። ከወንዶች ፊት ተናግሬ አላውቅም ነበር፤ ሁሉንም አወጣሁት። የተሰማን መልእክት፣ ገመዱን፣ ባትሪውን፣ የተፈታታውን ሞተር ነገርኳቸው። ከዚያ ከኋላ አንድ ሰው፣ የጣልያን አጣቢ ለጣልያን መካኒክ ትመሰክራለች አለ። ምስክር አለሽ ወይ ተባልኩ። ተሰማ አልኩ፤ ተሰማ ከአፈር በታች ነው አሉኝ። ሌላስ ሲሉኝ፣ መሐንዲሱም አይቷል ብዬ አረፍኩት። ጠላትን ምስክር ጠራች ብለው የባሰ ሳቁ።

እልህ ያዘኝና ወደ ኑሩ ዞርኩ። "እሳቸው ካላቆሙት፣ በሩ ሲሰበር ወታደሩ ለምን አልደረሰባችሁም?" አልኩት።

ኑሩ በክፋት የመለሰልኝ አይመስለኝም። ጣቱን ወደ ሰማይ አነሣ። "አላህ ነፋሱን አቆመልን" አለ። "ይህን አገር ያወቀው ነው።"

እስላሙ አልሐምዱሊላህ አለ፤ ክርስቲያኑ እግዚአብሔር ይመስገን አለ። እውነትም አገር ያወቀው ነበር፤ በመንዙማ ሁሉ ይባል ጀምሯል። የሁሉም ዓይን ጋሼ እንድሪስ ላይ ሆነ። እኔ ነኝ ያቆምኩት ይላሉ ብዬ ጠበቅሁ። በሕይወታቸው ሙሉ አንዲት ቃል ሳይመልሱ አሳልፈው የማያውቁ ሰው ናቸው። አፋቸውን ከፈቱ። መልሰው ዘጉት። ከዚያም ተቀመጡ።

ስንመለስ መንገድ ላይ ለምን ዝም አሉ ብዬ ጮህኩባቸው።

"ምን ልበል ሐዋ?" አሉኝ። "አላህ አይደለም፣ እኔ ነኝ ልበል?"

ሽማግሌዎች ገብተው ከግርፋት አስጣሏቸው፤ አገር ለቀው እንዲወጡ ግን ተፈረደባቸው። ወደ አዋሽ ጣቢያ የሚወርድ ካሚዮን እስኪያገኙ ወንድማቸው እንኳ አላስጠጋቸውም። የመጨረሻ ቀን ልብሳቸውን አጥቤ ወሰድኩላቸው። አንድ በአንድ እያገላበጡ አዩት፤ እንከን ፈልገው አጡ መሰል፣ ደህና ነው አሉኝ። ካሚዮኑ እስኪጫን ስንጠብቅ ነው ስለ መሐንዲሱ የነገሩኝ። ሊወስዱት ሲሉ ሞተር ቤት መጥቶ ወዳጄ ነበርክ ብሏቸው ወጣ።

"ነበርክ አለኝ" አሉ። "እውነቱን ነው። በሕይወቴ ያገኘሁት አንድ የሚገባው ሰው እሱ ነበር። ለአገሬ ብዬ አጣሁት፤ አገሬ ግን ማጣቴንም አያውቅም።"

ከዚያ ወዲያ ስለ ሰው አላወሩም። ስለ መዘውሩ ብቻ፣ በበጋ ዘይት እንዳይጎድለው ንገሪያቸው አሉኝ። እሺ አልኳቸው። ካሚዮኑ ከሄደ ሰነባብቶም አይደል፣ ሰው መዶሻና ገመድ ይዞ ወጥቶ ማማውን ጣለው። ብረቱ ማረሻና ማጭድ ሆነ። ሽቦውን አንጥረኞች አምባር አድርገው ሸጡት፤ እስከ ዛሬ ሰርግ ላይ በሴቶች ክንድ አየዋለሁ። ሞተሩ ዝናብ እየበላው ዛገ። ቧንቧው ደረቀና ሴቶቹ እንስራቸውን ይዘው ወደ ኩሬው ተመለሱ። ውሃው ለምን እንደቀረ የጠየቀ አልነበረም።

ጋሼ እንድሪስ ጣቢያው ላይ ፓምፕና ወፍጮ ሲጠግኑ ኖሩ። በሾፌሮች ሰላምታ እልክባቸው ነበር፤ አንዳንዴ መልስ ይመጣል። ሮቢት መብራት ገባ ወይ ብለው ያስጠይቁኛል። ለብዙ ዓመት አልገባም እያልኩ ላክሁ። በመጨረሻ አንድ ሀብታም ሞተር አስመጥቶ የዋናው መንገድ ዳር ቤቶች መብራት ሲያገኙ፣ ገባ ብዬ ላክሁባቸው። ናፍጣው ሲያልቅ እንደሚጠፋም ጨመርኩበት። ነፋሱ ሥራ ፈቶ ነው የተቀመጠው ማለት ነው፣ ብለው ላኩብኝ። ከዚያ በኋላ መልስ አልመጣም።

እንግዲህ ሞታቸውን የሰማሁ ሰሞን፣ ምንጣፌ ላይ ብቻዬን ተቀምጬ ቆየሁና አልሆንልሽ አለኝ። ጁምዓ ከሶላት በኋላ ነጠላዬን ለብሼ ኑሩ ቤት ሄድኩ። ኑሩ አሁን ሐጂ ኑሩ ናቸው። አርጅተዋል፤ የተጣላ የሚያስታርቁ፣ ድሃ የሚያበሉ፣ ልጅ የወለዱ የከበዱ ሰው ናቸው። በግቢያቸው ጥላ ሥር ወንዶች ልጆቻቸውና የመንደሩ ሽማግሌዎች ተቀምጠው ነበር። አንድ ጊዜ፣ በልጆቻቸው ፊት፣ ያንን የመጋዘን በር ማን እንደከፈተላቸው ልነግራቸው አስቤ ነው የሄድኩት። ሐጂ ኑሩ ከእንግዲህ ምን ይፈሩ፣ ምን ይቅርባቸው ብዬ ነው።

ዳር ላይ አስቀመጡኝ። እንድሪስ ሞቱ አልኳቸው።

ሐጂ ኑሩ ወሬውን አቋርጠው ኢንና ሊላህ አሉ። ፊታቸው እውነተኛ ኀዘን አዘነ፤ አስመሰሉ ብዬ መናገር አልችልም። የት እንደሞቱና ማን እንደቀበራቸው ጠየቁኝ። ነገርኳቸው። ዘመድ ሳይኖረው በሰው አገር መሞት ከባድ ነው አሉ። የመጣሁበትን ነገር ልናገር አፌን ስከፍት፣ እሳቸው እጃቸውን አንሥተው ሰዉን ዝም አሰኙ።

"ሙት አይወቀስም" አሉ። "በጊዜው በድሎናል። እኔ በበኩሌ ከልቤ አፉ ብየዋለሁ። እናንተም አፉ በሉት።"

መዳፋቸውን ዘርግተው ዱዓ አደረጉ። ሽማግሌዎቹ ዘረጉ። ልጆቻቸው የአባታቸውን ደግነት እያዩ፣ ዓይናቸው በኩራት ሞልቶ ዘረጉ። አላህ ይማረው ሲሉ ግቢው በሙሉ አሚን አለ።

እኔ እጄን ከጉልበቴ ላይ አላነሣሁም።